ሰፊና አጭር እግር ላለን ብስክሌተኞች፦ ስለ ጫማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እግሬ 23 ሴንቲ ሜትር ከ6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ወርዱ 10 ሴንቲ ሜትር ከ1 ሚሊ ሜትር ነው። በቁጥር ለማይታየው ሰው፦ አጭር፣ ሰፊ፣ ከፊት በኩል ድፎ ዳቦ የሚመስል እግር ነው። ድፎ ዳቦ ያለችው እናቴ ናት፤ አልተሳሳተችም።

ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ለዚህ እግር የሚሆን የብስክሌት ጫማ ስፈልግ ሦስት ጥንድ አባክኛለሁ። አንደኛው አሁንም አልጋ ሥር አለ። አራተኛው ልክ ሆነኝ። ከዚያ ወዲህ ከጫጫም ሆነ ከደብረ ሲና እግሩ ሰፋ ያለ ብስክሌተኛ ሁሉ እኔን ይጠይቀኛል። ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ መልሱን አንዴ ጽፌው ልረፍ።

የብስክሌት ጫማ የግድ ነው ወይ?

አይደለም። ገበያ ደርሶ ለመመለስ፣ ትምህርት ቤት ለመሄድ፣ በከተማው ኮብልስቶን ላይ ወዲያ ወዲህ ለማለት ያላችሁ ጫማ ይበቃል።

ልዩነቱ የሚመጣው መንገዱ ሲረዝም ነው። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱም ቁልቁለቱም አለበት። ሶሉ ለስላሳ በሆነ ስኒከር ስትሄዱ ፔዳሉ በሶሉ አልፎ ውስጥ እግራችሁን ይወጋዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ እግሩ መቃጠል ይጀምራል። የብስክሌት ጫማ ዋና ሥራው ይህን መከላከል ነው። ሶሉ ስለማይታጠፍ የእግራችሁ ጉልበት ሙሉ በሙሉ ፔዳሉ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ያሏችሁን ጫማዎች ፈትሿቸው። ጫፉንና ተረከዙን ይዛችሁ እጠፉት። እንደ እንጀራ የሚጠቀለል ከሆነ ለረጅም መንገድ አይሆንም። እምቢ ካለና ወርዱም ከተመቻችሁ፣ በተራው ጠፍጣፋ ፔዳል ላይ እሱን አድርጋችሁ ንዱ። ሰፊ እግር ላለው ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ተራ ጫማ በየዓይነቱ ወርድ ይገኛላ።

የብስክሌት ጫማ ለምንድን ነው እንዲህ የሚጠበው?

ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ ጫማው ነው፣ አንዱ እኛ ነን።

ጫማው የተወለደው ለውድድር ነው። ብዙዎቹ ስመ ጥር ሠሪዎች ጣልያኖች ናቸው፤ የሚጠቀሙበት የእግር ቅርጽም ቀጭን ነው። ተራ የቆዳ ጫማ ቢጠብም በሁለት ሳምንት ይላመዳል፤ ቆዳው ይለጠጣል፣ ሶሉም አብሮ ይላላል። የብስክሌት ጫማ ሶል ግን ደረቅ ፕላስቲክ ወይም ካርቦን ነው። መቼም አይሰፋም። ሱቅ ውስጥ ከቆነጠጣችሁ ከዓመት በኋላም ይቆነጥጣችኋል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ እኔ እስከ አምስተኛ ክፍል ያደግኩት በባዶ እግርና በሸበጥ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በበረባሶ ነው የሄደው። በልጅነቱ ጫማ ያልጨመቀው እግር ከፊት በኩል ይሰፋል፣ ጣቶቹም እንደ ልባቸው ይዘረጋሉ። እግር የሚያጠኑ ሰዎችም ያዩት ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለ እግር ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ጫማ ሠሪው እኛን አላሰበንም።

እግሬን እንዴት ልለካ?

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከሦስቱ ብክነቶቼ ሁለቱ የመጡት ከመጀመሪያው በትክክል ስላልለካሁ ነው።

ማታ ላይ ለኩ። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ያብጣል፤ ጠዋት የለካ ሰው ለማታው እግሩ የሚጠብ ጫማ ይገዛል። የምትነዱበትን ካልሲ አድርጉ። ወረቀት መሬት ላይ ከግድግዳው አስጠግታችሁ አንጥፉና ተረከዛችሁን ግድግዳው ላይ አስደግፋችሁ ቁሙ። ቁሙ ነው ያልኩት፤ ተቀምጦ የተለካ እግር ይዋሻል፣ ክብደት ሲያርፍበት ነው የሚዘረጋው። እርሳሱን ሌላ ሰው ይያዝላችሁ። ራሳችሁ ጎንበስ ብላችሁ ከሣላችሁ ክብደታችሁ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። የኔን የሣለችልኝ ታናሽ እህቴ ናት፣ እየሳቀች። እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ወደ ውስጥ ካዘነበለ እግሩን ያሳንሰዋል።

ከዚያ ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ጫፍ ለኩ። ረጅሙ ጣት የግድ አውራ ጣት አይደለም። ወርዱ የሚለካው በአውራ ጣት ሥር ከሚወጣው ጉብታ በትንሿ ጣት ሥር እስካለው ጉብታ ነው። ሁለቱ ጉብታዎች ትይዩ ስላልሆኑ መስመሩ ሰያፍ ይሆናል። በመጨረሻም በዚያው ቦታ ላይ የእግሩን ዙሪያ በሜትር ወይም በክር ለኩ። ወርዳቸው እኩል ሆኖ አንዱ ወፍራም አንዱ ጠፍጣፋ የሆኑ እግሮች አሉ፤ የሚፈልጉት ጫማ ይለያያል።

ሁለቱንም እግር ለኩ። የኔ ግራ ከቀኙ በ4 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ጫማ የሚገዛው ለትልቁ ነው።

ሁሉንም በሚሊ ሜትር ጻፉት። እኔ የምጠቀምበት ግምት ይህ ነው፦ ወርዱ ከርዝመቱ 40 በመቶ ካለፈ ሰፊ እግር ነው። የኔ 43 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ለካሁት። ታዲያ ስንት ቁጥር ነኝ?

የትምህርት ቤት ጫማችሁን ቁጥር እርሱት። የአውሮፓው ቁጥር አንድ ከፍ ሲል 6.67 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ ከየት ጀምሮ እንደሚቆጥር ግን ኩባንያው ያውቃል። ለምሳሌ ሺማኖ በሠንጠረዡ 22.5 ሴንቲ ሜትር ለሆነ እግር 36፣ ለ23.2 ደግሞ 37 ይላል። 23.8 ከሆነ 38፣ 24.5 ከሆነ 39፣ 25.2 ከሆነ 40 ነው። በዚህ ሠንጠረዥ እኔ 38 ነኝ። ገበያ ሄጄ ስኒከር ስገዛ ግን 40 ነው የማደርገው። ለምን መሰላችሁ? ስለሚሰፋኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ወርድ ፍለጋ ርዝመት ስገዛ ኖሬያለሁ።

ከጠበበኝ አንድ ሁለት ቁጥር ከፍ ባደርግስ?

የአልጋ ሥሩ ጫማ ታሪክ ይኸው ነው። 41 ቁጥር።

ሒሳቡን ልንገራችሁ። ቁጥሩ አንድ ከፍ ሲል ርዝመቱ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፣ ወርዱ ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ቢጨምር ነው። እኔ የጎደለኝ 6 ሚሊ ሜትር ወርድ ነበር። እሱን ለማግኘት ሦስት ቁጥር ወጣሁ፣ ማለትም 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ርዝመት ተሸከምኩ።

ሱቅ ውስጥ ቆሜ ስሞክረው ደስ አለኝ። ጣቶቼ ነፃ ወጡ። የጣርማበርን ዳገት ስይዝ ግን ተረከዜ ውልቅ ውልቅ ይል ጀመር። ማሰሪያውን ሳጠብቀው የእግሬ ጀርባ ታመመ። ሳላላው ተረከዜን ላጠኝ። ከሁሉም የባሰው የክሊቱ ቦታ ነው፤ ክሊት የሚባለው ጫማውን ከፔዳሉ ጋር የሚያያይዘው ብረት ወይም ፕላስቲክ ነው። የክሊቱ ቀዳዳዎች የተበሱት 41 ቁጥር ለሆነ እግር ነው። በኔ እግር ሲሆን ከአውራ ጣቴ ጉብታ አልፎ ወደ ጣቶቼ ጫፍ ሄደ። ወደ ኋላ የሚገፋበት ቦታ አልቋል። ደብረ ሲና ስደርስ ባቴ ድንጋይ ሆኖ ነበር።

ግማሽ ቁጥር ከፍ ማለት ችግር የለውም። ከአንድ ሙሉ ቁጥር በላይ ግን አትውጡ።

ሰፊ ጫማ የሚሠራ ኩባንያ አለ?

አለ። ትናንሽ ቁጥሮች ላይ ማግኘቱ ነው የሚያስቸግረው።

ሺማኖ አንዳንድ ሞዴሎቹን በመደበኛና በሰፊ ወርድ ያወጣል። ሰፊው ከቁጥሩ አጠገብ ኢ የምትለዋ የላቲን ፊደል ትኖረዋለች ወይም ዋይድ ይላል። የጣልያኑ ሲዲ ሰፊውን ሜጋ ይለዋል። ጂሮ ደግሞ ኤችቪ ብሎ ይጽፍበታል፤ ከላይም ከፍ ያለ ስለሆነ እግሩ ወፍራም ለሆነ ሰው ይስማማል። ሌክ ከሰፊም አልፎ በጣም ሰፊ የሚባል አለው። እግራችሁ እንደኔ ድፎ ከሆነ መጀመሪያ እሱን እዩት፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ቦንትም ሰፊ ይሠራል። የቦንት ሶል ሲሞቅ ስለሚለሰልስ 70 ዲግሪ በሆነ ኦቭን ውስጥ 20 ደቂቃ አሙቆ በእግር ቅርጽ ማስያዝ ይቻላል። ምጣድ ላይ እንዳትሞክሩት። "ምጣድስ?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ፤ አልቀለደም።

በድረ ገጽ ስታዩ "ሰፊ ወርድ አለው" የሚለውን አንብባችሁ ብቻ አትደሰቱ። የትኞቹ ቁጥሮች በሰፊ ወርድ እንደሚመጡ ዝቅ ብላችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ ሰፊው የሚጀምረው ከመካከለኛ ቁጥር ነው። አጭርና ሰፊ እግር ያለው ሰው የሚቀረው እዚያ ላይ ነው።

ሴት ነኝ፣ 37 ነኝ፣ እግሬ ሰፊ ነው። የወንድ ጫማ ልግዛ?

ካገኘሽ አዎ። የሴት ተብሎ የሚሸጠው የብስክሌት ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ከወንዱ ይቀጥናል፣ ተረከዙም ይጠባል። ሰፊ እግር ላላት ሴት ችግሩ እጥፍ ነው። የወንዱ ወርድ ቢመችም ብዙ ሞዴል ላይ ከ38 በታች አይወርድም። ለሁለቱም ጾታ ተብለው የተሠሩትን ከትንሹ ቁጥር ጀምረሽ ፈልጊ። የተራራ ብስክሌት ጫማም ከአስፋልቱ ሰፋ ይላል። ተረከዙ ትንሽ ላላ ካለሽ ከውስጥ ከኋላ በኩል ስስ ስፖንጅ ማስለጠፍ ይቻላል። ተረከዝን ማጥበብ ቀላል ነው። ፊቱን ማስፋት ነው ጣጣው።

ውጭ ያለች ዘመዴ ልታመጣልኝ ነው። ምን ልበላት?

ቁጥር እንዳትነግሯት! እኔ አክስቴን "39 ነኝ" አልኳት። እሷም እውነት ብላ 39 ገዛች። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሁሉም ሰው ተሰብስቦ እያየኝ ሳደርገው ግማሽ እግሬ ብቻ ነው የገባው። "እስኪ ግፋው" አሉኝ። ገፋሁት። "ልክ ነው አይደል?" አለችኝ። "ልክ ነው" አልኳት። ምን ልበል? ሁለተኛው ጥንድ በዚህ ሄደ፤ እግሩ ቀጭን ለሆነ የአጎቴ ልጅ ሰጠሁት።

በሚቀጥለው ጊዜ የሣልነውን ወረቀት ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁላት። ከወረቀቱ ጎን ማስመሪያ አስቀምጬ ነበር፣ መጠኑ እንዳይሳሳት። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ዙሪያውን በሚሊ ሜትር ጻፍኩላት። "ሰፊ ወይም ዋይድ የሚል ከሌለው ተዪው፣ አልቀየምም" አልኳት። ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አስፈላጊ ናት። ዘመድ ባዶ እጁን ከመምጣት የጠበበ ጫማ ይዞ መምጣት ይመርጣል።

ሰልባጅ ላይ ይገኛል?

አልፎ አልፎ። ከስኒከሮቹ ክምር ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚገኘው፣ ሻጩም ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። እኔ ያገኘሁትን ጥንድ ሻጩ "የጎልፍ ነው፣ ኦሪጅናል" ብሎኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ጎልፍ የሚጫወት ማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። በዚያ ዋጋ የጎልፍ ቢሆንም ልግዛው ነው ያልኩት።

ጫማውን ገልብጡት። የብስክሌት ከሆነ ሶሉ መሐል የብሎን ቀዳዳ ወይም እሱን የሸፈነ ፕላስቲክ አለው። ብሎን አስገብታችሁ አሽከርክሩ፤ ከዛገ ክሊቱ አይታሰርም፣ ከታሰረም አይፈታም። ሶሉና የላዩ ክፍል የተጣበቁበትን ጠርዝ በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ሙጫው ደርቆ ከሆነ በአንድ ክረምት ይላቀቃል። በመጨረሻ የውስጡን ንጣፍ አውጡና መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ቁሙበት። እግራችሁ በሁለቱም ጎን ከንጣፉ አልፎ ከፈሰሰ ጫማው ጠባብ ነው። ጫማውን እንኳ ሳታደርጉት ታውቃላችሁ። ይህችን ዘዴ አዲስ ጫማ ስትገዙም ተጠቀሙባት፤ ከሁሉ በላይ የምተማመንባት እሷን ነው።

የጠበበኝን ማስፋት ይቻላል?

ቆዳ ከሆነ በመጠኑ። ጥሩ ጫማ ሠሪ ቆዳውን አርሶ ውስጡ ፎርማ ይከታል። እግራችሁ የሚጎረብጥበት ቦታ ላይ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ፎርማው ላይ ይለጥፋል፤ የሚሰፋው ያ ቦታ ብቻ እንዲሆን። ሁለት ቀን ያቆየዋል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ታገኛላችሁ። የትንሿ ጣት ሥር ብቻ ለሚነካው ሰው ይህ ሊበቃ ይችላል።

ሰው ሠራሽ ከሆነ ብዙም አይለጠጥም፣ ተመልሶም ይሰበሰባል። ወንፊት የመሰለው ጨርቅ ደግሞ ይቀደዳል። ሶሉ ራሱ ከጠበበ፣ ማለትም እግራችሁ ከሶሉ ጠርዝ ውጭ ተንጠልጥሎ ከሆነ፣ ጫማ ሠሪም አያድነውም።

የኔ ሦስተኛ ጥንድ፣ ያ "የጎልፉ"፣ በትንሿ ጣት በኩል ክፉኛ ጠቦኝ ነበር። ምላጭ ይዤ ጎኑን ሰነጠቅሁት። ለሦስት ሳምንት ንጉሥ ነበርኩ። ከዚያ ስንጥቁ ወርዶ ወርዶ ከሶሉ ጋር ተገናኘና ጫማው እንደ ዓሣ አፉን ከፈተ።

ከመቁረጥ በፊት ሁለት ቀላል ነገር ሞክሩ። የውስጡን ንጣፍ በስስ ቀይሩት፤ ከላይ ቦታ ይገኛል። ክር ያለው ጫማ ከሆነ ደግሞ ወደ ጣት የቀረቡትን ሁለት ቀዳዳዎች ዝለሉና ከሦስተኛው ጀምራችሁ እሰሩ።

በክር፣ በሚጣበቅ ማሰሪያ ወይስ በሚጠመዘዝ?

ለሰፊ እግር ክር። እያንዳንዱን ቦታ ለየብቻ ማላላት ይቻላል፣ ቢበጠስም የትም ይገኛል። የሚጠመዘዘው ምቹ ነው፤ ሲበላሽ ግን መለዋወጫው ከየት ይመጣል? በሚጣበቅ ማሰሪያ የሚዘጋው መካከለኛ ነው፣ ጭቃ ሲገባው መያዝ ይተዋል።

ሶሉ ባለ ሁለት ቀዳዳ ይሁን ባለ ሦስት?

ቀዳዳዎቹ ክሊቱ በብሎን የሚታሰርባቸው ናቸው። ጫማን ከፔዳል ጋር የማያያዙ ሐሳብ ወደ ገበያው የመጣው ከበረዶ ሸርተቴ ነው። የፈረንሳዩ ሉክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 አወጣው፣ በማግስቱ ዓመት ብስክሌተኛው ቤርናር ኢኖ ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈበት። ባለ ሦስት ቀዳዳው ሶል የዚያ ዘር ነው። ክሊቱ ትልቅ ፕላስቲክ ሆኖ ከሶሉ በታች ይወጣል። ከብስክሌቱ ወርዳችሁ ስትሄዱ እንደ ዳክዬ ነው የምትረግጡት። ሺማኖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ኤስፒዲ የሚባለውን ባለ ሁለት ቀዳዳውን ይዞ መጣ። ክሊቱ ትንሽ ብረት ናት፣ ሶሉ ውስጥ ትደበቃለች፣ ትሄዱበታላችሁ።

ለሰሜን ሸዋ ባለ ሁለቱን እመክራለሁ፣ ያለ ማመንታት። ከአስፋልት ትወጣላችሁ፣ ኮብልስቶን አለ፣ በክረምት ጭቃ አለ፣ ብስክሌት ተሸክሞ መሻገርም አለ። ለሰፊ እግር ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ ባለ ሁለት ቀዳዳ ጫማዎች በአብዛኛው የተራራ ብስክሌት ጫማዎች ስለሆኑ ሰፋ ይላሉ።

አንድ ምክር ልጨምር። በመጀመሪያው ቀን የፔዳሉን መያዣ በደንብ አላሉትና ግድግዳ ተደግፋችሁ ማስገባትና ማውጣት ተለማመዱ። የሚወጣው ተረከዝን ወደ ውጭ በመጠምዘዝ ነው፤ ወደ ላይ በመሳብ አይወጣም። እኔ ሳልለማመድ ወጣሁና መናኸሪያው በር ላይ አንዲት አህያ ቆማ ስታስቆመኝ ከነብስክሌቴ ወደቅሁ። የባጃጅ ሾፌሮቹ አጨበጨቡልኝ። አህያዋ አልተነቃነቀችም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ጫማው ጠቦ ነው?

ሊሆን ይችላል። በጣቶቹ አጥንቶች መሐል የሚያልፉት ነርቮች ከጎን ሲጨመቁ ይደነዝዛሉ። መጀመሪያ ማሰሪያውን ከፊት በኩል አላሉት። ከተሻለ ነገሩ ወርድ ነው።

ካልተሻለ ክሊቱን እዩ። ክሊቱ መሆን ያለበት በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት ጉብታዎች መካከል ነው። ወደ ፊት ከሄደ ክብደቱ ሁሉ ጣቶች ሥር ይከማቻል። በ3 ወይም በ4 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ግፉት። ብዙ ሰው ጫማ ይቀይራል፤ ሁለት ብሎን ፈትቶ ማሰር ይበቃው ነበር።

ደብረ ብርሃን ላይ ልክ የነበረው ጫማ ሸዋሮቢት ሲደርስ ለምን ይጠበኛል?

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማበር ከ3,000 በላይ ይወጣል። ሸዋሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ትወርዳለች። በአንድ ቀን ከደጋ ቆላ ገባችሁ ማለት ነው። በሙቀት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ እግርም ያብጣል። ቁልቁለቱን ሁሉ ሳትንቀሳቀሱ ፔዳሉ ላይ ቆማችሁ መምጣታችሁም ይጨምርበታል።

ደብረ ሲና ላይ ሻይ ለመጠጣት ስትቆሙ ጫማችሁን ፈትታችሁ እንደገና እሰሩት። ጠዋት በብርድ የታሰረ ማሰሪያ ቀትር ላይ አይሆንም። ጫማ ስትገዙም የቆላውን እግራችሁን አስቡ።

ለብርዱስ? ወፍራም ካልሲ ላድርግ?

ሰፊ እግር ያለው ሰው በዚህ ነው የሚሳሳተው። ወፍራም ካልሲ ጫማውን ያጠበዋል፣ የጠበበ ጫማ ደም ያግዳል፣ ደም ያልደረሰው ጣት ይበርደዋል። ሁለት ካልሲ ደርቦ "ባሰብኝ" የሚል ጓደኛ አለኝ። እውነቱን ነው። የመንዝ ሱፍ ለባና ነው የሚያምረው፤ በጠባብ ጫማ ውስጥ ይሞላል፣ ይኮሰኩሳልም።

ሙቀቱን ከውጭ ደርቡ። የተዘጋጀ የጫማ ልባስ ይሸጣል። ካላገኛችሁ ትልቅ ያረጀ ካልሲ ውሰዱና ከሥሩ ለክሊቱ የሚሆን ቀዳዳ በመቀስ አውጡለት። ከዚያ ከጫማው በላይ አጥልቁት። መልኩ ያስቃል፣ ነፋሱን ግን ይይዛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ማንም አይስቅባችሁም፣ ሁሉም ተጀቡኗል።

ሰፊው ጫማ ፔዳሉ የታሰረበትን ብረት እየነካ ይፋቃል።

ክሊቱን በጫማው ላይ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ አውራ ጣት በኩል ግፉት። እግሩ ወደ ውጭ ይወጣል። ካልበቃ ፔዳሉ ሥር ስስ ሮንዴላ ይገባበታል። የግራው ፔዳል አፈታቱ የተገላቢጦሽ መሆኑን አትርሱ፤ በጉልበት እንዳታበላሹት።

እግሬ ሰፊ የሆነው አብጦ ነው። የትኛውን ጫማ ልግዛ?

ጫማውን ተዉትና መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ የሚያመጣው የዝሆኔ ዓይነት አለ። በደጋው አገራችን የታወቀ ነው። ሲጀምር ማሳከክና ማቃጠል፣ ከዚያ የጣቶችና የውስጥ እግር ማበጥ ይታይበታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብና ጫማ ማድረግ ይከላከለዋል፤ ቶሎ ከተያዘም እብጠቱ ይቀንሳል። የሚያድርና አንድ እግር ላይ ብቻ የሚበረታ እብጠት በሰፊ ጫማ አይሸፈንም።

ክረምት ላይ ረጠበብኝ። እሳት ዳር ላድርቀው?

በፍጹም! ሙጫው ይለቃል፣ ቆዳው ይኮማተራል። ያን ያህል ለፍታችሁ ያገኛችሁት ወርድም አብሮ ይሄዳል። የውስጡን ንጣፍ አውጡ። ጋዜጣ ጨምድዳችሁ ጣቶቹ ጋ እስኪደርስ ጠቅጥቁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ አውጡና ደረቅ ጋዜጣ ቀይሩ። ስትጠቀጥቁ ወደ ጎን አብዝታችሁ ጠቅጥቁ፤ እርጥብ ቆዳ በጠቀጠቃችሁት ቅርጽ ነው የሚደርቀው። የኔ አራተኛ ጫማ፣ አክስቴ በሁለተኛው ዙር ያመጣችው ሰፊው 38፣ ሁለት ክረምት እንዲህ ደርቋል። አሁን ወርዱ ከመጣበት ቀን ይልቅ ትንሽ ሰፋ ያለ ይመስለኛል።